የሌሉት አርባ ማንጎዎች

ልክነሽ ሪፖርት መጻፍ ትችል ነበር፤ ጥፋቷም ይኸው ነው። እጁ ላይ ሌላ ሙያ ያለው ሰው ሪፖርት መጻፍ እንደሚችል ለአለቃው ባያሳይ ይሻለዋል። አንዴ ካሳየ አለቀለት፤ ከወንበሩ የሚያነሳው አይገኝም።

በፍራፍሬ ሙያ ተመርቃ ላንቴ ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሆና ስትመደብ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ፣ ምላጭና የላስቲክ ጥቅል በኪሷ ይዛ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማሳ ማሳ ስትዞር ድካም የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ከሁሉ የምትወደው ማንጎ ማዳቀል ነው። ጥሩ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ ላይ የቅርንጫፍ ጫፍ ትቆርጣለች፣ እሱን በሌላ ችግኝ የተሰነጠቀ ግንድ ውስጥ ሻጥ ታደርጋለች፣ በላስቲክ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ሁለት እንግዳ እንጨቶች አንድ ዛፍ ሆነው ሲያቆጠቁጡ ባየች ቁጥር እንደ አዲስ ይደንቃት ነበር።

አንድ ቀን አርባ ምንጭ ያለው መሥሪያ ቤቷ ሪፖርት በአስቸኳይ ተጠየቀ። ጸሐፊው ታሟል። ልክነሽ ከላንቴ ተጠርታ መጣችና በአንድ ቀን ተኩል ጽፋ አስረከበች። አለቃው አቶ ሽመክት አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አድርገው አነበቡት። ከዚያም ለሦስት ወር ብቻ ቢሮ እንድትቆይላቸው ለመኗት። ሦስቱ ወር አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

ሥራው ከባድ አልነበረም። በየሩብ ዓመቱ የአምናውን ፋይል ትከፍታለች፣ በአዲስ ስም ታስቀምጣለች፣ ዓመተ ምሕረቱን ትለውጣለች፣ ቁጥሮቹ ላይ ሰባት ስምንት በመቶ ጣል ታደርጋለች፣ ከዚያ ሻይ ታዛለች። አፈጻጸሙ ሁልጊዜ ከመቶ በላይ ነው። ስምንተኛው ገጽ ላይ ደግሞ አቶ ሽመክት እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚሳሱላት አንዲት አንቀጽ አለች፤ «የላንቴ ቀበሌ ሞዴል አርሶ አደር አቶ ጉታ፣ በባለሙያ ድጋፍ ያዳቀሏቸውን አርባ የማንጎ ዛፎች በመንከባከብ ዘንድሮም ለአካባቢው አርሶ አደሮች አርአያ ሆነዋል» የምትል። ልክነሽ ይህችን አንቀጽ የመጀመሪያው ዓመት ላይ በእውነት ነው የጻፈቻት። ያንን ዓመት አርባዎቹን ችግኞች በእጇ ያዳቀለችው ራሷ ነበረች። «ዘንድሮም» የምትለዋ ቃል ግን አሥራ አንድ ዓመት ሳትለወጥ ኖረች፤ ዘንድሮ ሁልጊዜ አለና።

ስትሰቃይ ኖረች ብዬ ብናገር ግን ውሸት ይሆናል። ወንበሯ ላይ ራሷ የሰፋችው ትራስ አለ። በመስኮቷ የአባያ ሐይቅ ጫፍ ይታያል። የሥራ ባልደረቦቿ ይወዷታል፤ ሪፖርት የጨነቀው ሁሉ እሷ ጋ ይሮጣልና። ምቾቱ ነበር ክፋቱ። ስብሰባ ላይ ተቀምጣ ሳለ ጣቶቿ ሳታዝዛቸው እስክሪብቶ ላይ ክር ሲጠመጥሙ ትይዛቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ክሩን ፈትታ ኪሷ ትከታለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እጇ ሙያውን ሳይረሳ ወደ ዛፎቹ መመለስ። የምትፈራውም አንድ ነገር ነው፤ እጇ ቀድሞ ረስቶት እንደሆነስ? ፍርሃቱ እየበለጠባት የዝውውር ማመልከቻ አንድም ቀን አልጻፈችም፤ ያን ሁሉ ወረቀት የምትጽፍ ሴት።

አሁን ደግሞ አቶ ሽመክት የዕቅድ ቡድን መሪ ሊያደርጓት ነው። እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠች ጡረታዋን የምትወጣው ከዚያው እንደሆነ ነገሯት። መመረቃቸው ነበር። ልክነሽ አመሰገነችና ወደ ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች።

በዚያው ሰሞን ሰኞ ጠዋት አቶ ሽመክት እጃቸውን እያፋተጉ መጡ። ከጎረቤት ዞን የልምድ ልውውጥ ቡድን ሐሙስ ይመጣል። ማየት የሚፈልጉት የጋሽ ጉታን አርባ ማንጎዎች ነው፤ በደብዳቤያቸው ላይ የእሳቸውን ስም ሳይቀር ጠቅሰው ጽፈዋል። ልክነሽ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ጋሽ ጉታን ካየቻቸው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል።

ማክሰኞ ከአርባ ምንጭ ሲቀላ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈረች። የጫኖን መንደር አልፈው ላንቴ ሲደርሱ ሰዓቷን አየች፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ግማሽ ሰዓት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያጣች ሴት መሆኗን ስታስብ ፊቷ ጋለባት።

የጋሽ ጉታ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ሙዝ ነበር። ዞር ብላ አየች፣ ወደ ጓሮ አሻግራ አየች። አንድም የማንጎ ዛፍ የለም። ጋሽ ጉታ ከሙዙ መሐል ብቅ አሉ፤ ጠጉራቸው ነጭ ሆኗል፣ ሳቃቸው ግን ያው ነው። «ሳሮ፣ ሳሮ» እያሉ በጋሞኛ ሰላምታ ሁለት እጇን ይዘው፣ ትናንት ተለይታቸው እንደሄደች ሁሉ ወደ ቤት አስገቧት። ግድግዳው ላይ በላስቲክ የተሸፈኑ ሰርተፊኬቶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም «በማንጎ ልማት ላሳዩት አርአያነት» ይላሉ። በየዓመቱ የገበሬ በዓል ላይ ስማቸው እየተጠራ ይሰጣቸዋል። ሪፖርቱ ላይ አሉና።

ልክነሽ ሰርተፊኬቶቹን አንድ በአንድ አነበበች። ማንጎዎቹ የት እንደሄዱ ጋሽ ጉታ ሳይጠየቁ ነገሯት።

«ማንጎዋ ጥሩ ይዛ ነበር» አሉ። «ወፈረች። ላስቲኩ ግን አይወፍር፣ አንገቷን አነቃት። በሁለተኛው ዓመት ንፋስ መጣ፣ ከታሰረችበት ላይ ቀጭ፣ ቀጭ እያለች አርባዋም ሞተች።»

«ላስቲኩን ለምን አልፈቱትም ጋሽ ጉታ?»

«እኔ መጥቼ እስክፈታው አትንካ ብለሽኝ ነበር እኮ። ባለሙያ አንቺ ነሽ።»

በነቀፋ አልነበረም የተናገሩት፤ ልክነሽን የጎዳትም ያ ነው። ወር ሳይሞላ እመለሳለሁ ብላ አስራ እንደሄደች ትዝ አላት። ጋሽ ጉታ ሁለት ጊዜ ቢሮ ድረስ መጥተው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘበኛው ስብሰባ ላይ ናት ብሎ መለሳቸው። ስብሰባ ያለባትን ሰው ማስቸገር ነውር መስሏቸው ሦስተኛ አልመጡም። ስለ ሰርተፊኬቶቹ ስትጠይቃቸውም ልጃቸው እያነበበች ማንጎ ይላል እንዳለቻቸው፣ ነገር ግን መንግሥትን ተሳስተሃል ብሎ ማረም የእሳቸው ፋንታ እንዳልመሰላቸው ነገሯት።

ሀለኮ የሚሉት የሺፈራው ቅጠል የገባበት ኩርኩፋ፣ ድቡልቡል የበቆሎ ቅቅል፣ ቀረበላት። ሁለት ጉርሻ ወስዳ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። አርባ ዛፍ ገድላለች፤ ገድላም በየዓመቱ በወረቀት ላይ ስታጸድቃቸው ኖራለች። ስትወጣ በመስኖው ቦይ ዳር ከተጣለ የማንጎ ፍሬ ራሳቸው የበቀሉ ችግኞች አየች፤ እርሳስ የሚያህሉ፣ ቀጥ ያሉ። ጎንበስ ብላ አንዱን በአውራ ጣቷና በጠቋሚዋ መሐል ይዛ ለካችው። ሚኒባሱ ጥሩምባ ሲነፋ ለቃው ሮጠች።

ረቡዕ ጠዋት ለአቶ ሽመክት ሁሉንም ነገረቻቸው። አቶ ሽመክት ደነገጡ፤ ድንጋጤያቸው ግን ሁለት ደቂቃም አልቆየ። የጋሽ ጉታ ጎረቤት፣ ካሱ የሚባለው ገበሬ፣ ግሩም ፍሬ የሚሰጡ የማንጎ ዛፎች እንዳሉት ያውቃሉ። እንግዶቹ እዚያ ይወሰዳሉ፣ ጋሽ ጉታ ከዛፎቹ ፊት ይቆማሉ፣ ማን ይጠይቃል? የአንድ ቀን ነገር ነው። የቡድን መሪነቱ ደብዳቤም ጠረጴዛቸው ላይ ፊርማ እየጠበቀ እንደሆነ እግረ መንገዳቸውን አነሱ። ልክነሽ አሥራ አንድ ዓመት ስትል የኖረችውን አለች። «እሺ» አለች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ አንዲት ደብል ፒካፕ አምስት ሰው ጭና ላንቴ ደረሰች። የቡድኑ መሪ በርናባስ የሚባል ረጅም፣ ዓይኑ የማያርፍ ወጣት ባለሙያ ነው። አቶ ሽመክት ስለ ስኬቱ አስራ አምስት ደቂቃ ያህል ንግግር አደረጉ። እንግዶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። ጋሽ ጉታ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው ከካሱ ዛፍ አጠገብ ቆመዋል።

በርናባስ ወደ ዛፉ ተጠግቶ ግንዱን በመዳፉ ዳበሰው። ከታች ወደ ላይ፣ ዞሮ ደግሞ ከኋላ። «የተዳቀለበት ቦታ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ልክነሽን ጠየቃት።

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ጠባሳው በጊዜ ብዛት ጠፍቷል ማለት ነው፤ በቃ። ደግሞ የሚያሳማ መልስ አይደለም፣ በአሥራ አንድ ዓመት ጠባሳ ይጠፋል። አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ዓይኗ ጋሽ ጉታ ላይ አረፈ። አንገታቸውን ደፍተው፣ በሰው ዛፍ ሥር፣ ዝም ብለው ቆመዋል። ባለሙያዎቹ እዚህ ይቁሙ ስላሏቸው ነው የቆሙት፤ ያኔ ባለሙያዋ አትንካ ስላለቻቸው አርባ ዛፍ ታንቆ ሲሞት ዝም ብለው እንዳዩት። ልክነሽ ይህንን መሸከም አልቻለችም።

«ይህ ዛፍ የጋሽ ጉታ አይደለም» አለች። «አልተዳቀለምም። የእሳቸው አርባ ማንጎዎች ሞተዋል። የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ አስሬያቸው ሄጄ ሳልፈታቸው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ እነሱ የጻፍኩት ሁሉ የአምናው ግልባጭ ነው።»

አቶ ሽመክት ያልጮኸ ስልካቸውን አውጥተው ጆሯቸው ላይ ለጠፉና «አቤት፣ አቤት» እያሉ ወደ ሙዙ ውስጥ ገቡ። ልክነሽ ደረቷ ውስጥ አንድ የታሰረ ነገር ላላ ሲል ተሰማት።

የበርናባስ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቅ ነበር። ዓይኑን እየጠረገ ከቦርሳው አንድ ጥራዝ አወጣና አነበበላቸው። የራሱ ዞን ሪፖርት ነው። አንቀጹ ያው የልክነሽ አንቀጽ ነው፤ አርባው ማንጎ፣ «ዘንድሮም»፣ አርአያነቱ፣ ሁሉም አለ። ከእሱ በፊት የነበረው ባለሙያ ከሆነ ሥልጠና ላይ አግኝቶ ገልብጦት፣ የቀበሌውን ስም ለውጦ፣ የገበሬውን ስም መለወጥ ረስቷል። አለቆቹ አንቀጹን ወደዱትና እኚህን ጉታ የሚባሉትን ሰው አምጣልን፣ እንሸልማቸው አሉት። በርናባስ ሁለት ወር ሙሉ በየቀበሌው ጉታን ሲፈልግ ከረመ። ያገኘው ሁለት ጉታ ብቻ ነው፤ አንዱ ቄስ፣ አንዱ የሦስት ዓመት ሕፃን። በመጨረሻ ወረቀቱ ከአርባ ምንጭ እንደመጣ ደረሰበት።

«እኔ የመጣሁት ማንጎ ለማየት አይደለም» አለ። «ጋሽ ጉታ የሚባል ሰው በእውነት መኖሩን ለማየት ነው።» ሄዶም በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ ጉታም ሳቁ፤ ምኑ እንዳሳቀ የጠየቁት ስቀው ከጨረሱ በኋላ ነው።

ሳቁ ሲበርድ በርናባስ ወደ ልክነሽ ዞረ። አሁን አይስቅም። ማዳቀሉን ግን በእውነት ታውቀው እንደሆነ ጠየቃት። አውቅ ነበር ብላ መለሰች። እንግዲያው የመጡበት መንገድ ከንቱ እንዳይቀር እንድታሳያቸው ለመናት፤ በእነሱ ቀበሌዎችም በወረቀት ላይ እንጂ በማሳ ላይ ያዳቀለ ሰው አልነበረም።

እምቢ ለማለት ምክንያት ፈለገች፤ አጣች። ጋሽ ጉታ ወደ ቦዩ ዳር መሯቸው። ካሱ ከምርጡ ዛፉ ላይ ቅርንጫፍ እንድትቆርጥ ፈቀደ፤ ምላጭ ከሱቅ መጣ፤ አንድ ፌስታል በቀጫጭኑ ተሰነጠቀ። ልክነሽ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። የመጀመሪያውን ችግኝ ስትሰነጥቅ ምላጩ ወደ ጎን ሄደ። ሁለተኛው ላይ አውራ ጣቷን ቆረጠችው፤ ደሟን በቀሚሷ ጠርጋ ቀጠለች። ጣቶቿ ከብደዋል፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል፣ አምስት ሰው ከላይ እያየ ነው። ሦስተኛው ላይ የቅርንጫፉን ጫፍ ሹል አድርጋ ስንጥቁ ውስጥ ስታስገባው ልጡ ከልጡ ጋር ገጠመ፤ ገጠመ እንጂ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚያያት ረሳች። ለእንግዶቹ የምትናገረውን እንኳ ሳታውቀው ነበር የምትናገረው። አሥራ ሁለት ችግኝ አዳቅላ ቀና ስትል ወገቧ እሺ አላላትም፤ ደስ የሚል ሕመም ነበር።

ስትነሳ ጋሽ ጉታን ጠራቻቸውና ላስቲኩ እንዴት እንደሚፈታ በምላጭ እያሳየች አስረዳቻቸው። ወር ሲሞላ እንደምትመጣ፣ ካልመጣች ግን ማንንም ሳይጠብቁ በራሳቸው እጅ እንዲፈቱት አጥብቃ ነገረቻቸው። ጋሽ ጉታ እንደማትቀር እንደሚያውቁ መለሱላት፤ ምላጩን ግን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ።

አቶ ሽመክት ሳምንት ሙሉ አኮረፏት። ቀጥሎ ሁለት ደብዳቤ መጣ። አንዱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አንብባ አጥፋ አስቀመጠችው፤ ይገባኛል አለች። ሁለተኛው «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ ላንቴ ቀበሌ የልማት ጣቢያ መዛወሯን ይገልጻል። ቅጣት ነበር። ልክነሽ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው በአለቃዋ ፊት ስታነብ ያዘነ ሰው መምሰል ነበረባትና፣ በአሥራ አንድ ዓመት የቢሮ ሥራዋ እንደዚያች ደቂቃ የከበዳት ነገር የለም። አቶ ሽመክት አሳዘነቻቸው መሰለኝ፣ ተግታ ከሠራች ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተው ወደ ቢሮ ሊመልሷት እንደሚሞክሩ ቃል ገቡላት። ይህን ብቻ እንዳያደርጉ በልቧ ጸለየች።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ እንዳሰበችው አልሆነም። እግሯ ውሃ ቋጠረ፣ ትንኝ በላት፣ ገበሬዎቹ ግማሾቹ ረስተዋታል፣ የቀሩት ደግሞ የት ከርመሽ ነው እያሉ ወግተዋታል። እንቅልፍ ግን እንደ ልጅነቷ ወስዷት ያድር ጀመር። በየሁለት ሦስት ቀኑ ቦዩ ዳር ጎራ ትላለች፤ ላስቲኩ የቅርንጫፉን ጫፍ ጭምር ሸፍኖ እንደተጠመጠመ ነው፣ ከውጭ ምንም አይታይም። ከወገቧ ጎንበስ ብላ ታይና ትሄዳለች። ሌላ ማንም የማያውቀው ፈተና ነበር፤ እጇ ረስቶ እንደሆነ ፍርዱ እዚያ ላስቲክ ውስጥ ነው።

ወሩ በሞላበት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ መጣች። ጋሽ ጉታ ቀድመዋት ቦዩ ዳር ተቀምጠው ነበር፤ ምላጩ በእጃቸው ነው፣ አልነኩትም።

የመጀመሪያውን ፈታች። ጠቁሯል። ሁለተኛውም ጠቁሯል፤ በእነዚህ ተስፋም አልነበራትም። ሦስተኛውን፣ ያንን ልጡ ከልጡ የገጠመውን፣ ቀስ ብላ ፈታችው። ደርቆ ነበር፤ ስትነካው ከስንጥቁ ወልቆ መሬት ወደቀ። አራተኛው ጠቁሯል። አምስተኛው ጠቁሯል። ጋሽ ጉታ ወደ ሙዛቸው ያዩ ነበር።

ስድስተኛውን ስትፈታ ከላስቲኩ ሥር መዳብ የመሰለ፣ የተጣጠፈ፣ የጥፍር ያህል ቅጠል ብቅ አለ። ጠጋ ብላ አየችው። ሰባተኛው የለም። ስምንተኛው አቆጥቁጧል። ዘጠነኛው የለም። አሥረኛው አለ፣ አሥራ አንደኛውም አለ፤ ይኼኛውማ ሁለት ቅጠል ዘርግቷል። አሥራ ሁለተኛው ደርቋል። ልክነሽ ቦዩ ዳር ዘፍ ብላ ተቀመጠችና እንባዋን መያዝ አቃታት። እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ጋሽ ጉታ ግራ ተጋብተው አዩዋት።

«ከአሥራ ሁለት አራት» አሉ። «ይኼ ጥሩ ነው?»

«መጥፎ ነው ጋሽ ጉታ። በጣም መጥፎ ነው። ጎበዝ ባለሙያ ከአሥሩ ስምንቱን ያጸድቃል።»

«ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

«አሉ እኮ» አለች፣ በእጇ ጀርባ ፊቷን እየጠረገች። «አራቱ አሉ።»

ጋሽ ጉታ ጎንበስ ብለው በቦዩ ዳር ሄዱና እያንዳንዳቸውን በጣታቸው ጫፍ ነክተው ቆጠሯቸው። አራት ነበሩ።